የመጀመሪያው ምስል የማን ነው?

በፊልም ሥራ «ቦታ ጠቋሚ ሾት» ሊባል የሚችለው፣ ማለትም ታሪኩ የት እንደሚካሄድ ለማስታወቅ ከሩቅና ብዙ ጊዜም ከከፍታ የሚወሰደው የመክፈቻ ምስል፣ በልማድ ከአድራሻ የዘለለ ፍቺ እንደሌለው ተደርጎ ይታያል፤ ትርጉም የሚጀምረው ገጸ ባሕርያቱ አፍ ሲከፍቱ ነው የሚለው አስተሳሰብም ከዚሁ ይመነጫል። ስለ ስደተኞች በሚሠሩ ፊልሞች ዘንድ ይህ ልማድ ጎጂ ነው፤ ካሜራው ሕዝቡን በጅምላ አሳይቶ ወደ አንድ ፊት በሚጠጋበት ቅጽበት፣ የማንን ፊት እንደሚመርጥ ሲወስን፣ ማን አሳቢ ማን ደግሞ የሚታሰብለት እንደሚሆንም አብሮ ይወስናልና።

በጌዲዮን ራፍ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2019 ለዕይታ የበቃው «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» ቤተ እስራኤላውያን በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የተሻገሩበትን ታሪክ መነሻ ያደረገ፣ በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ፊልም ነው። በመክፈቻው የሚሰማው የከበደ፣ ማለትም ማይክል ኬ. ዊሊያምስ የተጫወተው ኢትዮጵያዊ ገጸ ባሕርይ ድምፅ ሲሆን፣ ካሜራው ግን ወደ ኋላ የቀረ ሕፃን ለማዳን የሚሮጠውን እስራኤላዊ ሰላይ ተከትሎ ይሮጣል። ድምፁ ለአንዱ፣ ዓይኑ ለሌላው ተሰጠ፤ ተመልካች ደግሞ ከጆሮው ይልቅ ዓይኑን ስለሚያምን፣ ከበደ ገና ከጅምሩ በገዛ ታሪኩ ውስጥ አስተርጓሚ ሆኖ ይቀራል። ለከበደ መነሻ የሆነው ፈረደ አክሉም እ.ኤ.አ. በ1979 ሱዳን ገብቶ የድረሱልን ደብዳቤ የላከ፣ ከዚያም ከእስራኤሉ የስለላ ድርጅት ከሞሳድ ባልደረባ ዳኒ ሊሞር ጋር በስደተኞች መካከል ወገኖቹን ያፈላለገ ሰው ነው፤ ጠሪው እርሱ ሆኖ ሳለ መክፈቻው የተጠራውን ባለታሪክ አድርጎታል።

ድምፅንና ዓይንን እንዲህ የሚያከፋፍለው ኤዲቲንግ ነው፤ ይህ የተቀረጹ ምስሎችን ቆርጦ የመቀጠል ሥራ ያለውን ከማሳጠር በቀር አዲስ ነገር አይጨምርም ብሎ የሚከራከር ካለ፣ ለኢትዮጵያ ተመልካች መልሱ ሩቅ አይደለም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ዘገባ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 በብሪታኒያ ቴሌቪዥን ታይቶ ነበር፤ ደርግ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ያንኑ ዘገባ ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር አፈራርቆ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግስቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ረሃቡም ድግሱም እውነት ነበሩ፤ ክሱ ግን በአንዳቸውም ውስጥ አልነበረም፤ የተወለደው ሁለቱ በተገጣጠሙበት ስፌት ላይ ነው። (ዙፋኑን የጣለው ፊልም ነው ማለት ደግሞ ሌላው ማጋነን ይሆናል፤ አብዮቱ ከወራት በፊት ጀምሮ ነበር።)

ወደ ስደተኞች ፊልሞች ስንመለስ፣ ከራፍ ይልቅ ዳይሬክተሩ ራዱ ሚሃይሌአኑ እ.ኤ.አ. በ2005 በሠራው ፊልም የተሻለ መንገድ አሳይቷል፤ ከሱዳን መጠለያ የሚነሣው ታሪኩ ወደፊት የሚሄደው አንዲት ክርስቲያን እናት ልጇ ቤተ እስራኤላዊ መስሎ እንዲሄድ በመቁረጧ ነውና። ስደተኛዋ ትወስናለች፤ ፊልሙም ውሳኔዋን ይከተላል። ይህም ሆኖ እናቲቱ መጠለያው ውስጥ ስትቀር ካሜራው ከልጁ ጋር ይሄዳል፤ በእነዚህ ፊልሞች መጠለያ ሁልጊዜ የሚተላለፉበት እንጂ የሚኖሩበት ቦታ ሆኖ አይታይም።

በዚያው በሱዳን፣ በገዳሪፍ አካባቢ የሚገኘው የኡም ጋርጉር መጠለያ ይህን ልማድ ያጋልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1976 ለኤርትራውያን ስደተኞች የተመሠረተው ይህ ሰፈር ከ40 ዓመት በላይ ሲቆይ ልጆችና የልጅ ልጆች ተወልደውበታል። ከከፍታ የሚነሣ ሰፊ ሾት ቤቶቹን በአንድ ረድፍ ነጠብጣብ አስመስሎ ለሦስት ሰከንድ ያህል ካሳየ በኋላ አቧራ ለብሶ ወደሚመጣ መኪና ቢቆረጥ፣ ተመልካች ቦታው ገና የተመሠረተ፣ ሰዎቹም ትናንት የመጡ ይመስሉታል፤ የአርባ ዓመት ዕድሜ በአንድ ቁራጭ ተሰርዟል ማለት ነው። ካሜራው በሰው ቁመት ቆሞ፣ አንዲት ሴት ቡናዋን አፍልታ እስክትቀዳ ሳይቆረጥ ቢጠብቅ ግን መኪናው ሲመጣ ቀና ብላ የምታየው እርሷ ትሆናለች፤ እንግዳውም ከመኪናው የሚወርደው ሰው ይሆናል።