የጨርቅ ስምና የቀረጥ ሚዛን

ከባሕር ማዶ የመጣ ጣቃ ከመርከብ ወርዶ ወደ ጉምሩክ መጋዘን ሲገባ፣ ሹሙ ከዋጋው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስሙን ነው። ስም ስንል ነጋዴው በገበያ የሚጠራበትን ማለታችን አይደለም። በየሱቁ ናይሎን፣ ቴትሮን፣ ፖሊስተር የሚባለው ሁሉ ለጉምሩክ ሥራ ገና በቂ ስም አላገኘም። የጉምሩክ ስም ቁጥር ነው፤ የሚከፈለውም ቀረጥ በዚሁ ቁጥር ይታወቃል።

ቁጥሩ የተወሰደው በብሩሴል ከተማ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1983 ከተፈረመውና ከ1988 መጀመሪያ አንሥቶ ከጸናው ዓለም አቀፍ የዕቃዎች አመዳደብ ስምምነት ነው። የእኛም አገር ታሪፍ በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሐዞች በስምምነቱ አገሮች ሁሉ አንድ ሲሆኑ፣ ከዚያ የሚቀጥሉትን አሐዞችና የቀረጡን ልክ እያንዳንዱ መንግሥት ለራሱ ይወስናል።

እንግዲህ በፋክቱሩ ላይ «የፖሊስተር ጨርቅ» ተብሎ የተጻፈ ዕቃ ቀረበ እንበል። ሹሙ በቅድሚያ ማወቅ ያለበት ክሩ ሳይቈረጥ እንደ ሐር በረጅሙ የተሳበ ወይም እንደ ጥጥ ተቈራርጦ የተፈተለ መሆኑን ነው። ከጨርቁ ጫፍ አንድ ክር መዝዞ ግምዱን ቢፈታው፣ አጫጭር ጭረቶች ከተበተኑ የተፈተለ ነው። ጨርቁ በረጅሙ ከተሳበ ሠራሽ ክር የተሸመነ ከሆነ ቁጥሩ 54.07 ነው፤ ከተፈተለ ግን ወደ ምዕራፍ 55 ይሻገራል። በዚያም ሠራሹ ጭረት በክብደት 85 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 55.12 ይሆናል። ከ85 በመቶ አንሶ በይበልጥ ከጥጥ ጋር የተደባለቀ እንደ ሆነ ደግሞ ሚዛን ይፈርዳል፤ በካሬ ሜትር እስከ 170 ግራም የሚመዝነው 55.13፣ ከዚያ የሚበልጠው 55.14 ይባላል። ዐሥር በዐሥር ሳንቲም ሜትር የሆነ ቁራጭ አስተካክሎ ቈርጦ መመዘን ይበቃል፤ ከ1.7 ግራም ካለፈ ድንበሩን ተሻግሯል። 65 በመቶ ፖሊስተርና 35 በመቶ ጥጥ የሆነው የታወቀው የሸሚዝ ጨርቅ የቀጠነ እንደ ሆነ በአንደኛው፣ የወፈረ እንደ ሆነ በሁለተኛው ቁጥር ይገባል።

ለጀማሪ ሠራተኛ ከሁሉ የሚያስቸግረው የድብልቅ ሕግ ነው። በመሠረቱ በክብደት የበለጠው ጭረት ጨርቁን ይመራዋል። ነገር ግን ሰው ሠራሽ ክሮች የሚገኙባቸው ምዕራፍ 54ና 55 ከሌላ ምዕራፍ ጋር በተወዳደሩ ጊዜ እንደ አንድ ምዕራፍ ይቈጠራሉ። 40 በመቶ ጥጥ፣ 35 በመቶ ረጅም የፖሊስተር ክር፣ 25 በመቶ ቁርጥ ፖሊስተር ያለበትን ጨርቅ እንመልከት። ለየብቻ ሲታይ ጥጡ ይበልጣል፤ ሁለቱ ፖሊስተሮች ሲደመሩ ግን 60 በመቶ ስለሚሆኑ ጥጡ ይሸነፋል። ከዚያም ከሁለቱ ረጅሙ ስለሚበልጥ ጨርቁ ወደ 54.07 ይሄዳል። በችኰላ «ጥጥ ነው» ብሎ የፈረመ ሹም ተሳስቷል ማለት ነው።

ለድንኳንና ለከረጢት የሚሆነው በፕላስቲክ የተቀባው ጨርቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ቅባቱ በባዶ ዐይን የሚታይ ከሆነ በጠቅላላው ወደ 59.03 ያልፋል፤ ካልታየ ግን ከተራ ጨርቅ ጋር ይቀራል። የቀለም መለወጥ ብቻ እንደ መታየት አይቈጠርም። የማን ዐይን ነው ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር አንፈርድበትም፤ በየአገሩ በዚህ ነገር የተነሣው ክርክር ቀላል አይደለም።

ይህ ሁሉ የጸሐፊዎች ጥቃቅን ነገር የሚመስለው ሰው ያለፈውን ታሪክ ይመልከት። በ1962 የጸናው የጥጥ ጨርቃ ጨርቅ ስምምነት ሀብታሞቹ አገሮች ከእስያ የሚገባላቸውን የጥጥ ዕቃ በኮታ እንዲገድቡ ፈቀደላቸው። ስምምነቱ የሚናገረው ስለ ጥጥ ብቻ ስለ ነበረ የእስያ ፋብሪካዎች ፊታቸውን ወደ ሰው ሠራሽ ክር መለሱ። ገዢዎቹ መንግሥታት ይህን አይተው ከ1974 መጀመሪያ ሱፍንና ሰው ሠራሽ ክርን የሚጨምር ሰፊ ስምምነት አቆሙ። ሻጮቹም አልተኙም፤ በኮታው ያልተጠቀሰ ራሚ የሚባል የተክል ጭረት ፈልገው 55 በመቶ ራሚ፣ 45 በመቶ ጥጥ የሆነ ሹራብ መላክ ጀመሩ። ራሚ በክብደት ስለሚበልጥ ሹራቡ በስም የጥጥ አልነበረም። በ1986 ስምምነቱ ሲታደስ ራሚም ተጨመረበት። የኮታው ሥርዓት ያበቃው በ2004 መጨረሻ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ፋብሪካ ምን እንደሚፈትል በከፊል የወሰነው የገዢው አምሮት ሳይሆን የጉምሩክ መዝገብ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ቀረጥ በሚለያይበት ሁሉ ዛሬም ይኸው ፈተና አለ። የአንዱ ቁጥር ቀረጥ ከሌላው የቀለለ እንደ ሆነ፣ ወላዋይ አስመጪ 175 ግራሙን 165 ብሎ ለመጻፍ ይፈተናል። ጉዳቱም የመንግሥት ገቢ መቀነስ ብቻ አይደለም፤ በትክክል አስታውቆ የከፈለው ነጋዴ በገበያ ላይ በውሸታሙ ይሸነፋል፤ ያንኑ ዓይነት ጨርቅ በአገር ውስጥ የሚሸምነው ፋብሪካም ሊጠብቀው የወጣው ታሪፍ ሳይጠብቀው ይቀራል። በሌላ በኩል፣ ሹሙ በማያውቀው ነገር ጠርጥሮ ዕቃውን ለሳምንታት ቢያስቀምጥ የመጋዘን ኪራይ የሚከፍለው ንጹሑ ሰው ነው። ይህን ሁለተኛውን በደል ከመጀመሪያው አናሳንሰውም።

ጥርጣሬን የሚያስወግደው ምርመራ ነው። ክሩን በእሳት ማየት ይረዳል፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ሲሆን ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይሆናል። ነገር ግን እሳት መቶኛውን አይነግርም። ለመቶኛው ናሙናው በላቦራቶሪ 75 በመቶ በሆነ የሰልፈር አሲድ ይታጠባል፤ ጥጡ ይሟሟል፣ ፖሊስተሩ ይቀራል፣ የቀረውም ደርቆ ይመዘናል። በ2017 የጸናው የዓለም ንግድ ድርጅት የንግድ ማሳለጫ ስምምነትም ነጋዴው ዕቃውን ሳያስመጣ ናሙናና ማስረጃ አቅርቦ የሚጸና የቁጥር ውሳኔ አስቀድሞ እንዲያገኝ አባል አገሮችን ያስገድዳል። ስለዚህ ዲክላራሲዮን የሚቀበል ወጣት ሠራተኛ ከፋክቱሩ ጋር የክሩን ዓይነት፣ የእያንዳንዱን ጭረት መቶኛና የካሬ ሜትሩን ክብደት የሚገልጽ የፋብሪካ ወረቀት ይጠይቅ፤ ወረቀቱ ከሌለ መቀሱና ሚዛኑ ይቅረቡለት።