ሳይቆፈር ይደመጥ

«መካነ ሰላም ላይ የእንፋሎት ጉድጓድ የለ፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ለእኛ ለደገኞቹ ምናችን ነው?» የሚል ጓደኛ አይታጣም። እኛ ግን በ1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በደሴ መንገድ ላይ ያለችው ካራ ቆሬ ስትናወጥ፣ ጎረቤቷ ማጀቴ መፍረሷን እናስታውሰዋለን። መሬት የአውራጃ ወሰን አታውቅም፤ ከስምጥ ሸለቆ እንፋሎት የሚገኘው መብራትም የሁላችን ነው።

በአሉቶ ላንጋኖ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ከ300 ዲግሪ በላይ ሙቀት ተገኝቷል። ትኩሱ ውሃ ሲወጣ፣ የቀዘቀዘውም ተመልሶ ወደ ታች ሲገፋ፣ በአለቱ ስንጥቅ ውስጥ ያለው ግፊት ይለወጣል፤ አለቱም በጥቂት በጥቂቱ ይንሸራተታል። ይህን ንቅናቄ አብዛኛውን ጊዜ ከመሣሪያ በቀር የሚሰማው የለም፤ ጉዳትም የለውም። ችላ ሲሉት ግን የሚያስከትለው በደቡብ ኮሪያ ታይቷል። በኅዳር 2010 ዓ.ም. የፖሃንግን ከተማ የመታው ከባድ መንቀጥቀጥ ወደ እንፋሎት ጉድጓድ በተገፋው ውሃ ምክንያት መነሣቱን፣ መንግሥት የሰየመው የምርመራ ቡድን በ2011 ዓ.ም. ገልጧል።

የእኛ ስምጥ ሸለቆ ደግሞ ማንም ሳይነካውም ይንቀጠቀጣል። ከ2004 እስከ 2006 ዓ.ም. በአሉቶ ዙሪያ ለጥናት የተተከሉት መሣሪያዎች ከአንድ ሺህ በላይ ትንንሽ መንቀጥቀጦችን መዝግበዋል። እንግዲህ ነገ በአዲስ ጉድጓድ አጠገብ የአንድ ገበሬ ቤት ግድግዳ ቢሰነጠቅ፣ ጥፋቱ የተፈጥሮ ነው ወይስ የቆፋሪው? ከቁፋሮው በፊት የተያዘ መዝገብ ከሌለ ምስክር የሌለው ክርክር ይሆናል፤ ወይ ገበሬው ሰሚ ያጣል፣ ወይ ቆፋሪው ያለ ጥፋቱ ይወገዛል። ከዚያ ወዲያ መሣሪያ መትከል ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ማንም የእንፋሎት ጉድጓድ የሚቆፍር ድርጅት፣ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት መሣሪያ ይትከል፤ ጉድጓዱ እስከሚሠራበት ቀን ድረስም አይንቀለው። ወጪው ከአንድ ጉድጓድ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። መዝገቡም በድርጅቱ ካዝና ሳይሆን በዩኒቨርሲቲ እጅ ይቀመጥ።

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ መሬት ስትናወጥና ሕዝብ ከቀዬው ሲፈናቀል፣ አገር ሁሉ ማብራሪያ የጠበቀው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ነበር። ቁጥሩን እነርሱ ያነባሉ፤ ነገር ግን ለአፋሩ በአፋርኛ፣ ለኦሮሞው በኦሮምኛ ማን ያስረዳው? ይህ የእኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ሥራ ነው፤ ለዚህ እንዘጋጅ።