የተሰረቀ ፊደል

እስቲ እንተማመን። «ሥራዬን ዘረፉኝ» ብሎ በየጋዜጣው ያለቀሰው ደራሲ፣ ለተዘረፈው ድምፃዊ ክስ ያረቀቀው ጠበቃ፣ ስለ ቅጂ መብት ጥናት ያቀረበው ምሁር፣ ስንቱ ይሆን ያንን ወረቀት የተየበው ባልተከፈለበት የግዕዝ ፕሮግራም? (እኔም ብፁዕ አይደለሁም፤ ወደዚያ እመጣለሁ።)

ለማያስታውስ ወጣት ልንገር። ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ኒያላ የተባለውን ፊደል ይዞ እስኪመጣ ድረስ፣ ዎርድ ላይ አማርኛ የምንጽፈው ሌላ ሰው የሠራውን ተጨማሪ ፕሮግራም ጭነን ነበር። ፓወር ግዕዝን፣ ቪዥዋል ግዕዝን ማን ይረሳል? ፊደላችን ደግሞ ብዙ ነው፤ በጊዜው አንድ ፎንት ከሚይዘው 256 ቦታ ያልፋል። ስለዚህ ሠሪው ሁሉ በየራሱ መላ እየከፋፈለ ደረደረው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ለፊደላችን ቦታ ቢሰጠውም፣ እኛ ለዓመታት በየጎጆአችን ቀጠልን። በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም።

በ1997 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ልቤ «ጨዋ ሁን» አለኝና ኦሪጅናሉን ገዛሁ። የማንን እንደሆነ አልናገርም። አማርኛ ሊያስጽፈኝ የመጣው ፕሮግራም ውሉን ያቀረበልኝ በእንግሊዝኛ ነበር! ፍሬ ነገሩም ባጭሩ «ምንም ቢደርስብህ የለሁበትም» ነው። ፈቃዱ ከኮምፒውተሬ ሃርድ ዲስክ ጋር ተቆራኝቷል። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ዲስኩ ሞተ። ሰነዶቼ በሲዲ ተርፈዋል፤ ፕሮግራሙ ግን በአዲሱ ኮምፒውተር «አላውቅህም» አለኝ። ወደ ሻጮቹ ብሄድ ሕንፃው አለ፣ ቢሮው የለም፤ በቦታው የውበት ሳሎን ተከፍቷል። የሁለት ዓመት የልብወለድ ታሪክ ማስታወሻዬ የላቲን ቅራቅንቦ ሆኖ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠብኝ።

ያዳነችኝ ስድስት ኪሎ አካባቢ የፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራ ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ገዝተውት ነው እንዴ?» ብላ በሳቅ ፍርስ አለችና ከመሳቢያዋ የተገለበጠ ሲዲ አወጣች። አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። በገዛ ገንዘቤ የገዛሁት ከለከለኝ፣ የተሰረቀው ሠራልኝ።

ይህን የነገርኩት የቀድሞ ተማሪዬ ዛሬ ለዎርድ የአማርኛ የፊደል ግድፈት ማረሚያ ሠርቶ ይሸጣል። ሊቆልፈው አስቧል። «መምህር፣ ካልቆለፍኩት ምን ልብላ? አንድ መሥሪያ ቤት አንድ ቅጂ ገዝቶ አርባ ኮምፒውተር ላይ ይጭነዋል» አለኝ። እውነቱን ነው። የአንድ ወንበር ዋጋ ከፍሎ አርባ ወንበር ጭኖ የሚሄድ መሥሪያ ቤት ቢኖር አገር ይጮህ ነበር። ሕግም አልጠፋ፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፉ ሁሉ ይጠብቃል፤ ሲወጣም ሆን ብሎ መብቱን ለሚጥስ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጓል። የግዢ ክፍል ኃላፊው ግን አዋጁን መች ይፈራል? የሚፈራው ኦዲተሩን ነው፤ ኦዲተሩ ደግሞ ወንበር ይቆጥራል እንጂ ፕሮግራም አይቆጥርም።

ሻጮቻችን ግን ያንኑ አዋጅ እስከ ታች ቢያነቡት ሌላም ነገር ያገኙ ነበር። በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሰው ቅጂው ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ መተኪያ የሚሆነው አንድ ቅጂ የመያዝ መብት አለው። ፈቃዱን ከዲስክ ጋር አስሮ የሚሸጥልኝ ሰው እንግዲህ ሕግ የሰጠኝን በቁልፍ እየነጠቀኝ ነው። ሌባውን አላቆመው! እኔን ግን አቆመኝ።

«ታዲያ በሩን ክፍት ልተወው?» አለ ተማሪዬ ተቆጥቶ። አላልኩም። ዘዴውን የነገረኝም እሱው ነው። ሻጩ የገዢውን ስምና የኮምፒውተሮቹን ብዛት በአንዲት ፋይል ጽፎ በምሥጢር ቁልፉ ይፈርምበታል። ፕሮግራሙ ኢንተርኔት ሳይፈልግ ፊርማውን ይመረምራል፤ ስሙ ከተነካ ፊርማው አይያዝም። ዲስክ ሲሞት ገዢው ያቺኑ ፋይል መልሶ ያስገባል፤ ሻጩ ሱቁን ቢዘጋም ፈቃዱ አይሞትም። ይሰበራል ወይ? አዎ፣ መርማሪውን ክፍል ቆርጦ የሚጥል አይጠፋም። ብዙው ሰው ግን ሰባሪ ሳይሆን ገልባጭ ነው። ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር የመሥሪያ ቤቱ ስም ሰፈር ውስጥ ባለ የጽሕፈት ሱቅ ስክሪን ላይ ሲወጣ፣ የሰጠው ሰው ማን እንደሆነ ይጠየቃል። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ስሙን የጻፈ ሰው ሲያውስ እንደሚጠነቀቀው ነው። የኛ ሰው ከእስር ይልቅ ስሙን ይፈራል፤ ይኼን ሠላሳ ዓመት የተማሪ ፈተና ስቆጣጠር አይቼዋለሁ።

ባለፈው ወር የውሉን ረቂቅ ላከልኝ። በአማርኛ ነው፤ አንድ ገጽ። «ተጠቃሚው አንብቦ እንደተስማማ ይገመታል» የምትለዋን ሰርዤ፣ አራት የፊደል ግድፈት አርሜ (በራሱ ፕሮግራም አላረመውም ማለት ነው) መለስኩለት። ዋጋውን ስጠይቀው «ለመምህሬማ በነፃ ነው» አለኝ። ተቆጣሁት። ለሁለት ኮምፒውተር ከፈልኩ።