ስንቃችን ለጀርባ የቀለለ፣ ለአፍ የጣፈጠ ይሁን

ወጣቶቻችን በእረፍት ቀናቸው ሻንጣ አዝለው ተራራ መውጣትን እየለመዱ መጥተዋል። ይህ ለጤና የሚጠቅም፣ ሊበረታታ የሚገባው ልማድ ነው። ሆኖም ስለ ጫማና ስለ ድንኳን የሚጨነቁትን ያህል ስለ ስንቃቸው ሲጨነቁ አይታይም። በእኔ እምነት የእግር ጉዞን ከሚያበላሹ ነገሮች ዋነኛው የስንቅ አመራረጥ ጉድለት ነው። ይህንን የምለው ራሴ ደርሶብኝ ስላየሁት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አምስት ሆነን ለሦስት ቀን የእግር ጉዞ ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አመራን። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ማለት ነው። ከዲንሾ ተነስተን ወደ ወብ ሸለቆ ስንጓዝ በየጀርባችን የታሸገ ቱና፣ ዳቦ፣ ብርቱካን፣ የታሸገ ጭማቂና አንድ ከረጢት ክክ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሳያልቅ ትከሻችን ተላጠ። ማታ ክኩን ጣድነው፤ ጋዙ አለቀ እንጂ ክኩ አልበሰለም። ከመካከላችን አንዱ በብርዱና በረሃቡ ተንቀጥቅጦ እጁ ብርጭቆ መያዝ አቃተው። መንገድ መሪያችን ይህንን ሲያዩ ከኮታቸው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ጭኮ አውጥተው ቆርሰው ሰጡት። ትኩስ ሻይ ደግመንለት፣ ብርድ ልብስ ደርበንለት ቀስ በቀስ መንቀጥቀጡ ተወው። ሰውየው ለሦስት ቀን የያዙት ስንቅ በአንድ እጅ የሚንጠለጠል ነበር። እኛ ግን ቆርቆሮና ውሃ ተሸክመን ነበር የከረምነው።

ክብደቱ የምኑ ነው?

ምግብን ከሚያከብዱት ነገሮች ዋናው ውሃ ነው። እንጀራ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ጥሬ ቀይ ሥጋም ከመቶ ሰባ እጅ ያህሉ ውሃ ነው። እናቶቻችን እንጀራውን ድርቆሽ፣ ሥጋውን ቋንጣ ያደረጉት እንዳይበላሽ ብቻ ሳይሆን ለመንገደኛ እንዲቀልም ጭምር ነው። ሁለተኛው ጉዳይ የምግቡ ኃይል ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ስኳር፣ ስታርች ወይም ፕሮቲን 4 ያህል ብቻ ይሰጣል። በሶ በንጥር ቅቤ ታሽቶ፣ ኮረሪማና ጨው ገብቶበት ጭኮ ሲሆን እንደ ቅቤው መጠን 100 ግራሙ ከ500 ካሎሪ በላይ ሊሰጥ የሚችለው ለዚህ ነው። እሳት አይፈልግም፣ በብርድ አገር ለቀናት ሳይበላሽ ይቆያል።

ጣዕም ቅንጦት አይደለም

አንዳንዶች "ለሦስት ቀን ምን አለበት፣ የተገኘውን መብላት ነው" ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ሲወጣ የብዙ ሰው የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፤ በአንጻሩ ዳገቱና ብርዱ ሰውነት የሚያስፈልገውን ኃይል ይጨምራሉ። ሰው ደክሞት፣ አፉ መሮት ሳለ የማይጥም ምግብ ቢያቀርቡለት አንድ ጊዜ ጎርሶ ይተወዋል። ያልተበላ ስንቅ ደግሞ ሸክም እንጂ ስንቅ አይባልም። ስለዚህ ጣፋጩን፣ ጨዋማውንና የሚያቃጥለውን ማፈራረቅ ይገባል። ጠዋት በሶ በስኳር፣ በመንገድ ላይ ቆሎ ከለውዝ ጋርና ተምር፣ ማታ ደግሞ የሚያልብ የቋንጣ ፍርፍር በድርቆሽ ቢሆን ማን እምቢ ይላል?

ለሦስት ቀን ምን ያህል?

ለአንድ ጤናማ ጎልማሳ የሚከተለው በቂ ነው ብዬ አምናለሁ፦

- ጭኮ 600 ግራም፣
- በሶ 300 ግራም፣
- ለውዝ የበዛበት ቆሎ 450 ግራም፣
- ተምር 300 ግራም፣
- ድርቆሽ 300 ግራምና ቋንጣ 200 ግራም፣
- ምጥን ሽሮ 150 ግራም፣
- ስኳር፣ ሻይ ቅጠልና ጨው በድምሩ 100 ግራም።

ይህ ሁሉ ተደምሮ 2 ኪሎ ተኩል አይሞላም፤ ግን በቀን 3 ሺህ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። ሽሮውን የመረጥኩት በምክንያት ነው። በ4 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 87 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ክክና ባቄላ ቶሎ አይበስሉም። ሽሮ ግን አስቀድሞ ተቆልቶ የተፈጨ በመሆኑ በጥቂት ደቂቃ ይደርሳል። እኛን የጎዳን ይህንን አለማወቃችን ነው። ለመጠጥ ግን የፈላ ውሃ በዚያም ከፍታ ጀርሞችን ይገድላል፤ 3 ደቂቃ ያህል እንዲንተከተክ መተው ይበቃል።

ከውጭ የሚመጡትን በቅጽበት የሚደርሱ ሾርባዎችና ኑድሎች በተመለከተ፣ ቀላል መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን ጨዋቸው ይበዛል፤ በውስጣቸው የእንስሳት ስብ ወይም ጄላቲን ሊኖር ስለሚችልም ሐላልነታቸውን ከማሸጊያው ላይ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቤት የተዘለዘለ ቋንጣ ይህ ጥያቄ የለበትም።

"ይህ ሁሉ ቅቤ ለልብ ጥሩ ነው ወይ?" የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ጭኮን የዘወትር ምግብ እንዲያደርግ አልመክርም። በቀን ስድስትና ሰባት ሰዓት ዳገት ለሚወጣ ሰው ለሦስት ቀን መሆኑ ግን ሌላ ነገር ነው። የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ያማክር። በተለይ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ረጅም መንገድ ሲሄድ ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ስለሚችል ከረሜላ ወይም ስኳር ከሻንጣው ሳይሆን ከኪሱ አይለይ፤ ጓደኞቹም ሕመሙን ይወቁ።

በመጨረሻም፣ ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ ፊት ከመቆማችን በፊት እናቶቻችንንና አያቶቻችንን እንጠይቅ። በቅሎና እግር ብቻ በነበረበት ዘመን ሳምንታት የሚወስደውን መንገድ በምን እንደዘለቁት ይነግሩናል። ባዶ ላስቲኩንም ተራራው ላይ ሳንጥል ይዘን እንመለስ። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ። ወሰላም!