የበረሃ አበል ለሠራተኛው፣ የጋለ ቆርቆሮ ለሕዝቡ

መንግሥት የጋምቤላን ሙቀት አያውቅም የሚል ካለ ተሳስቷል። በደንብ ያውቃል። ለሠራተኛው የበረሃ አበል ይከፍላል። በበጋው ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲጠጋ የቢሮ ሰዓት ይሸጋሸጋል፤ ማልዶ መግባት፣ ቀትር ላይ ማረፍ። ታዲያ ሠራተኛው ቀትር ላይ «ዕረፍ» ተብሎ የሚላክበት ቤት ምን ዓይነት ነው? አብዛኛውን ጊዜ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት። አበል የሌላትን ባለጉልትማ ማን ያስባታል?

ፀሐይ ላይ የዋለ ቆርቆሮ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። ከሥሩ ኮርኒስ ከሌለ፣ ለአየርም መውጫ ካልተተወለት፣ ግለቱ በቀጥታ ሰው አናት ላይ ያርፋል። የአኙዋና የኑዌር የሣር ጎጆ ክዳኑ ወፍራምና ቁልቁል የሆነው ለጌጥ አይደለም። ወደ ሣር እንመለስ ማለት ግን አይደለም። ሣር ይቃጠላል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ በየጊዜው ይታደሳል፤ ሰው ወደ ቆርቆሮ የሄደው በምክንያት ነው። ጥፋቱ ቆርቆሮውን እንደ ልማት ቆጥሮ ከሥሩ የሚገባውን መርሳት ነው።

«ሕዝቡ ሙቀቱን ለምዶታል» የሚሉ አሉ። የለመደ ሰው ሌሊት አልጋውን ደጅ አውጥቶ አይተኛም። እዚህ ላይ ነገሩ ከምቾት ያልፋል። ጋምቤላ የወባ አገር ናት። መንግሥት አጎበር በነጻ ያድላል፤ ቤት ውስጥ የታፈነው ሰው ደግሞ አጎበሩን ገልጦ ይተኛል ወይም ደጅ ያድራል። የአጎበሩ ገንዘብ በጣሪያው ምክንያት ይባክናል ማለት ነው። «ከጎርፍ፣ ከጸጥታና ከስደተኛ ጉዳይ በኋላ ይደርሳል» ለሚሉም መልሱ ይኸው ነው፤ ሙቀቱ ከወባው ጋር አብሮ እየገደለ ተራ አይጠብቅም።

ሌላው መልስ «መብራት ይድረስ እንጂ ቬንትሌተር ይፈታዋል» የሚለው ነው። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ ደስ ይላል። ግን የኤሌክትሪክ ታሪፉም ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። በጋለ ጣሪያ ሥር ያለ ቬንትሌተር ትኩሱን አየር መልሶ ከማማሰል ብዙም አያልፍም፤ ቆጣሪው ግን ይቆጥራል።

ኃይል ለመቆጠብ መንግሥት ከኪሱ ማውጣቱ አዲስ ነገር አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ መብራት ኃይል አሮጌውን አምፖል እየተቀበለ ሚሊዮኖች ኃይል ቆጣቢ አምፖሎችን አድሏል። ስሌቱ ቀላል ነበር፤ አምፖል መስጠት ተጨማሪ ኃይል ከማመንጨት ይረክሳል። ለአምፖል የሠራ ስሌት ለጣሪያ የማይሠራው ለምንድን ነው? የሕንዱ ቴላንጋና ግዛት እ.ኤ.አ. በ2023 ጣሪያን በነጭ ቀለምና በመሳሰሉት የማቀዝቀዝ ፖሊሲ አውጥቷል። ጎረቤት ደቡብ ሱዳን በበኩሏ በመጋቢት 2016 ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ይደርሳል ብላ ትምህርት ቤቶቿን ዘግታለች። ጋምቤላ የምትከተለው የትኛውን ነው?

የሚጠየቀው ሰማይ የሚያስቧጥጥ ገንዘብ አይደለም። አንደኛ፣ በክልሉ በጀት የሚሠራ ማንኛውም ክፍል፣ ክሊኒክና የቀበሌ ቤት ኮርኒስ፣ ሰፊ የጣሪያ ክፍክፍና የአየር መውጫ ከሌለው ክፍያው አይጽደቅ። ሁለተኛ፣ ያሉት የመማሪያ ክፍሎችና የማዋለጃ ክፍሎች ጣሪያቸው ነጭ ይቀባ። ጋምቤላ ከተማ የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ሲጀመር ከተመረጡት 11 ከተሞች አንዷ ነበረች፤ ስለዚህ ጉልበትን በቀን ክፍያ የማሰማራት ልምዱ አለ፤ የጎደለው ቀለምና ብሩሽ ነው። ሦስተኛ፣ ለድሃ ቤተሰብ ኮርኒስ የሚያሠራበት ድጎማ ወይም በትንሽ በትንሹ የሚመለስ ብድር ይመደብ። ዛሬ ሰው በማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ የሚሠራው ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ ችግሩን ከባለሥልጣኑ ቀድሞ ስለተረዳው ነው።

የክልሉ ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ አባላቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፤ ለጣሪያ ሥር ስንት ተያዘ? መልሱ «ምንም» ከሆነ፣ ስብሰባውን ቀትር ላይ ኮርኒስ በሌለው አንድ ክፍል ውስጥ ይቀጥሉት። ልጆቹ በየቀኑ የሚማሩት እዚያ ነው።