ስሙን ሳታውቁ አትቁረጡት!

ወገን፣ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ የከረመ ነገር አለ።

የትምህርት ቤታችን አጥር ሥር ማንም ያልተከለው ዛፍ በቀለ። ሦስት ክረምት አልፎት ቁመቱ እኔን በልጦ ነበር። ባለፈው ሐምሌ "ነገ ችግኝ ተከላ ነው፣ ግቢው ይጽዳ" ተባለና በገጀራ ተመነጠረ። ቦታው ላይ ግራቪሊያ ተከልን፣ ፎቶ ተነሳን። ግራቪሊያው ጥር ሳይደርስ ደረቀ!

የተቆረጠው ዋንዛ ነበር። የነገሩኝ ጥበቃው አባባ ናቸው፤ እኔ የባዮሎጂ መምህሩ አላወቅኩትም። የቅጠል ክፍሎችን ሰሌዳ ላይ ስሥል እውላለሁ፣ መስኮቴ ሥር የቆመውን ዛፍ ግን አላውቀውም። ያሳፍራል።

ዋንዛን ወፍ ትዘራዋለች፤ የሚያጣብቀውን ቢጫ ፍሬ በልታ ዘሩን ትጥላለች። በራሱ በቅሎ ሦስት ዓመት የቆመ ዛፍ አፈሩን ወዶታል ማለት ነው። ውሃ አጠጡኝ እንኳ አላለንም።

"ታዲያ የበቀለውን ሁሉ እንተው?" ትሉኝ ይሆናል። አላልኩም! የወፍ ቆሎንም የምትዘራው ወፍ ናት። ባለ አራት ማዕዘን ግንዱን፣ እሾሁን፣ ዝንጉርጉር አበባውን ካያችሁ ሳይስፋፋ ንቀሉት። ግን አይታችሁ! ቅጠሉ ሰፊና ሻካራ፣ አበባው ነጭ ከሆነ ዋንዛ ሊሆን ይችላል። ልብ የመሰለ ቅጠሉ ሊረግፍ ሲል ብርቱካንማ ከሆነ ብሳናን ጠርጥሩ። ካልለየላችሁ ገጠር ያደገ ሰው ጠይቁ፤ ነውር የለውም።

ዘንድሮ ጉድጓድ ከመቆፈራችን በፊት ተማሪዎቼንና አባባን ይዤ ግቢውን እዞራለሁ። መጀመሪያ ስሙ፣ ገጀራው ከዚያ በኋላ!