ውሃ የጎደለበት ሚኒባስ ሁሉ ጋርኒሲዮን አቃጥሏል ማለት አይደለም

ሰሞኑን መናኸሪያ አካባቢ የምሰማው ወሬ አንድ ነው፦ «ውሃ ትጠጣለች፣ ጋርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ቴስታታ ይውረድ!» እኔ የፊዚክስ አስተማሪ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ግን ቴስታታ ማውረድ እዚህ ሰቆጣ ላለ ባለ ሚኒባስ ዕቃ እስኪመጣ ሥራ ማቆም ነው፤ ሹፌሩም ረዳቱም አብረው ይቀመጣሉ። የማውቀው ሰው አስወርዶ፣ ከፍሎ፣ አስገጥሞ በሳምንቱ ውሃው መጉደሉን ቀጠለ። የኋላ ወንበር ሥር ምንጣፉ ርሶ ነበር። ማንም አላነሳውም!

ነገሩ እንዲህ ነው። ለብርድ አገር የተሠሩ አሮጌ ሃይኤሶች ከፊተኛው ሌላ ከኋላ ሁለተኛ ሂተር አላቸው። የሞተሩ ትኩስ ውሃ በወለሉ ሥር በአንድ ቱቦ ሄዶ በሌላው ይመለሳል። ቱቦው ብረት ነው፣ ጫፉ ላይ ማኒኮት በፋሼታ ይታሰራል። ዓመት ከዓመት ጭቃና ጠጠር የሚመታው ብረት ይዝጋል፣ ይበሳል። (የእኛን መንገድ እናንተም ታውቁታላችሁ።) መኪናው ሲሄድ ንፋስ ጠብታውን ይበትነዋል፤ ሲቆም ሞተሩ ሥር ያለው መሬት ደረቅ ነው። ያኔ «የሚፈስ የለም፣ ሞተሩ ነው የሚጠጣው» ይባላል።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ ግፊትና መፍላትን አስታውሱ እስቲ። ሰቆጣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ደህና የራዲያተር ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ቀዳዳ ካለ ግፊቱ ያመልጣል፣ አቀበት ላይም ቶሎ ይፈላል። ስለዚህ ትንሿ ቀዳዳ ከቆላ ሰው ይልቅ እኛን ትጎዳለች።

እና ምን ይደረግ? ሞተሩ ሲቀዘቅዝ (ትኩስ ክዳን አትክፈቱ፣ ፊት ይልጣል) በእጅ የሚነፋ የግፊት መፈተሻ ራዲያተሩ ላይ ገጥሞ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ቁጥር መንፋት፤ ብዙ ጊዜ 0.9 ነው። ቀስቱ ከወረደ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ከዚያ ምንጣፍ ማንሳት፣ ማሽተት፦ ኩላንት ጣፋጭ ሽታ አለው፣ መስታወቱ ላይም ቅባት የመሰለ ጉም ይተዋል። ከወለሉ ሥር ቱቦው ላይ የደረቀ ነጭ ወይም አረንጓዴ ምልክት መፈለግ። ካልተገኘ፣ ወደ ኋላ የሚሄዱትን ሁለት መስመሮች ከሞተሩ በኩል በአንድ ማኒኮት አገናኝቶ ሁለት ቀን መንዳት ነው። ውሃው ካልጎደለ ችግሩ ከኋላ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ ወይም ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ግን፣ እሺ፣ ቴስታታው ይውረድ።

«ሂተር ለኛ ምን ያደርጋል፣ ቆርጠህ ጣለው» የሚሉ አሉ። ባለንብረቱ አውቆ ከወሰነ መብቱ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ሕፃን አዝላ የምትሳፈር እናት ግን የምትለው ይኖራታል። ንጹሕ ውሃ ብቻ እየጨመሩ መኖር ደግሞ ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል። የምታወጡትን ኩላንት መሬት ላይ አትድፉ፤ መርዝ ነው፣ ስለሚጣፍጥ ውሻም ፍየልም ይልሰዋል።

ያ መፈተሻ ዋጋው አንድ ቴስታታ ከማስወረድ ያንሳል። ባለ ሚኒባሶች ተዋጥታችሁ አንድ ብትገዙ፣ ቅዳሜ ከሰዓት መናኸሪያ መጥቼ አጠቃቀሙን አሳያለሁ።